ወደ አረንጓዴዋ ሸነን

ሸነን የሚባል ከተማ መኖሩን ያወቅሁት ቢሮዬ ስክሪን ላይ ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም። በወረዳዎቻችን ዝርዝር ላይ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ ቀይ ሲሆን የጅባት ወረዳ፣ ማለትም የሸነን ዙሪያ፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ ማለት የገበሬው ጥያቄ ደርሶ፣ ተስተናግዶ፣ ተዘግቷል ማለት ነው። ባለፈው ሐምሌ ወደዚያ የተላክሁት ይህ ሁሉ አረንጓዴ እንዴት እንደተገኘ አይቼ ለሌሎቹ ወረዳዎች ትምህርት የሚሆን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ነው። ያ ጽሑፍ አልተጻፈም። በምትኩ ይህንን እጽፋለሁ፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ውስጥ ሸነንን የረገጠ የለም፣ ወደፊትም የሚረግጥ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ድርጅታችን ለገበሬዎች በስልክ የሚያገለግል ማሽን አለው፤ ኤአይ ከሚባሉት ነው፣ በሴት ድምፅ በአማርኛም በኦሮምኛም ይናገራል። ከብት የታመመበት ሰው ይደውላል፣ ማሽኑ ያነጋግረዋል፣ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲሄድለት ያደርጋል። ማሽኑ ግን አፍ እንጂ እጅ የለውም። አንድ ነገር እንዲሠራ ከተፈለገ መሣሪያ ይሰጠዋል። መሣሪያ ስል መዶሻና ጉጠት አይደለም፤ አንዱ ጥያቄ የሚመዘግብ፣ አንዱ ለባለሙያው መልእክት የሚልክ፣ አንዱ ጥያቄውን የሚዘጋ ትንንሽ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው በእያንዳንዱ ላይ ከተጻፈለት መግለጫ ነው። ሌላ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መግለጫዎቹን የምጽፈው እኔ ነኝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት መስመር ናቸው፣ ከማሽኑ በቀር የሚያነባቸው የለም፤ አጭር አድርጌ በመጻፌም ቢሮ ውስጥ ስሜ በበጎ ይነሳ ነበር።

ማክሰኞ

ከአስኮ መናኸሪያ የተነሳነው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያደግሁት ድሬዳዋ ስለሆነ ዝናብ ለእኔ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ኖሬም አልለመድኩትም። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲጭን በሸራ እንደሚሸፍነው ምሎልኝ ነበር። ሆለታ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። ጊንጪ ላይ ቁርስ ተብሎ አውቶቡሱ ሲቆም ወርጄ ቀና ብዬ ባይ ሸራ የሚባል ነገር የለም። ረዳቱን ብጠይቀው «ነበረ እኮ» አለኝ፤ ይህንን ብሎ ያጽናናኝ መሰለው። ኮምፒውተሬ ጭኔ ላይ ስለነበር እሱ ብቻ ተረፈ።

ከጊንጪ ወዲያ በግራም በቀኝም ማሳው ጥቁር ዋልካ ነው። የጤፍ ዘር ወቅት ስለነበር ዝናቡ ትንሽ ጋብ ባለበት ሁሉ ጥማድ በሬ ይታያል፣ ከኋላው ሞፈር የያዘ ሰው። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ነገር የለም። የድሬ ልጅ በሬ የሚያውቀው ሉካንዳ ቤት ነው። እነዚህን በሬዎች ግን በመስኮት እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከእነሱ ጥቂቶቹን የኔ መግለጫዎች አትርፈዋቸው ይሆናል ብዬ በሆዴ ኮራሁ። ይህንን ዛሬ ስጽፈው እፍረት ይሰማኛል።

አምቦ ከሰዓት በፊት ገባሁ። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቀላቅሉ ሴት ናቸው። ሻንጣዬ ውኃ እያንጠባጠበ ስገባ አዩኝና ስሜን እንኳን ሳይጠይቁ ልብሶቼን አንድ በአንድ አውጥተው ጓዳ፣ ምድጃው አጠገብ ባለው ገመድ ላይ ሰቀሉልኝ። «ከድሬ ነሽ? ታዲያ ጃንጥላ ማን ያስተምርሽ» አሉ። ማታ የለበስኩት የእሳቸውን ሹራብ ነው፤ ሁለት እኔን ይይዛል።

ራት ስበላ አንዲት ጎረቤታቸው መጣች። ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ጀመሩ። አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ ፈያ ነው፣ ደህና፣ ልጆቹስ፣ ደህና ናቸው፣ ገለተ ዋቃ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱስ፣ ደህና፣ ከብቱስ፣ ጤናውስ። ጥብሴ እስኪቀዘቅዝ ቆጠርኩላቸው፤ ደህና የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተባለ። ከዚያ ጎረቤቲቱ ቁጭ አለችና ባሏ ሆስፒታል ከገባ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ ተናገረች። ወይዘሮ አስቴር ደረታቸውን መቱ። እኔ ይህንን የአገሩ ወግ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። በእኛ ድሬ «እንዴት ነሽ?» ሲባል «አለሁ» ይባልና ወደ ነገሩ ይገባል፤ የዚህ አገር ሰው ግን ጊዜ አለው ብዬ ፈገግ አልኩ። የፃፍኩት ይህንን ብቻ ነው፤ ከሥራዬ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታየኝም።

ረቡዕ

ጠዋት ልብሶቼ ደርቀው፣ ጭስ ጭስ እየሸተቱ፣ ታጥፈው ክፍሌ በር ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አስቴር ለመንገድ ዳቦ ጠቅልለው ሰጡኝ። በሚኒባስ ጉደር ወረድኩ፣ እዚያ መኪና ቀይሬ ወደ ሸነን መንገድ ገባሁ።

መንገዱን ብዙ አላወራም። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ወንዶቹ ብቻ ወርደው ገፉ፣ ሁለተኛው ላይ ሹፌሩ «ሴት ወንድ የለም» አለና ሁላችንም ወረድን። የቀኝ ጫማዬ ሶል ጭቃው ውስጥ ከፊቱ ተላቀቀ። አብረውኝ የሚገፉ አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው የጫማዬን አፍ አሰሩልኝ፤ «ነጠላዎት» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ድሬዳዋ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ እንደሚሄድ አስቤ እናቴ ናፈቀችኝ።

ሸነን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ቤቶች፣ በየበሩ ሸቀጥ፣ ዳር ዳሩን እንሰትና ባሕር ዛፍ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ገመቹ ቢሮው በር ላይ ጠበቀኝ። ሠላሳ ያልሞላው ረጅም ልጅ ነው። ጫማዬን አይቶ ወዲያው ገባና የራሱን ቦቲ አመጣልኝ። ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቀንበት አጠለቅሁት።

ሻይ ቀረበ። ማስታወሻዬን ከፍቼ «ሌሎቹ ወረዳዎች ያልቻሉትን እናንተ እንዴት ቻላችሁ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጥያቄዎቹ ሁሉ ተስተናግደዋል። አንድም ቀይ የለባችሁም።»

ገመቹ እያሾፍኩበት መሰለው። «እኔ'ኮ ከማሽኑ መልእክት ከደረሰኝ ሦስት ወር አለፈኝ» አለ። «መጀመሪያ ሰሞን ይመጣ ነበር። ከዚያ ቆመ። ገበሬው ማሽን ማውራት ጠልቷል ብዬ ተውኩት። እንዲያውም አንቺ የመጣሽው ለምን አይሠራም ብለሽ ልትቆጪኝ መስሎኝ ነበር።» ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከማሽኑ መልእክቶች የመጨረሻው የመጋቢት ነው።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ አረንጓዴውን ዝርዝር አሳየሁት። ሦስት ገጽ ነው፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የከብቱ ዓይነት፣ የተዘጋበት ቀን። ገመቹ በጣቱ ወደ ታች እየወረደ በኦሮምኛ እያጉተመተመ ያነባል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

«እኚህ ሰውዬ ኦቦ ቶለራ ናቸው። አውቃቸዋለሁ» አለ። «በሬያቸው ሞቷል።»

«እዚህ ላይ ግን ደህና ነው ተብሎ ተዘግቷል።»

«ሞቷል አልኩሽ። ቀብረውታል። እኔ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።»

የስልክ ንግግሮቹ የድምፅ ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ነበር፤ ለስኬት ጽሑፌ ጥሩ ጥሩውን ልጠቅስ ብዬ ያመጣሁት ነው። የኦቦ ቶለራን ከፈትኩ። መጀመሪያ እሳቸው የደወሉት ነው፤ በሬዬ አይበላም፣ ያነክሳል፣ እግሩ አብጧል ይላሉ። ማሽኑ በትክክል መዘገበ። እኛ ጋ ከመጋቢት ጀምሮ ያለው አሠራር፣ ባለሙያው በከንቱ እንዳይደክም፣ ማሽኑ ለእሱ መልእክት ከመላኩ በፊት በማግሥቱ ጠዋት መልሶ ደውሎ እንዲያረጋግጥ ነው። የማግሥቱን ከፈትኩ። ገመቹ ኦሮምኛውን ይተረጉምልኛል።

«እንደምን አደሩ ኦቦ ቶለራ? ከብቶቹስ እንዴት ናቸው?» ይላል ማሽኑ፣ በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ።

«ደህና፣ ገለተ ዋቃ። ከብቶቹም ደህና ናቸው፣ ቤቱም ደህና ነው። እናንተስ ደህና አደራችሁ?»

«ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

«ያ ዳለቻው በሬ ግን…» ይላሉ ሽማግሌው፤ እዚያ ላይ ይቋረጣል።

እኔ ሌላ ከፈትኩ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሁሉም አንድ ናቸው። ማሽኑ ይጠይቃል፣ ሰውየው እንደ ወጉ ደህና ነው ይላል፣ ችግሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልኩ ይዘጋል። ገበሬዎቹ ኔትወርክ ነው ብለው ነበር፤ እዚህ አገር ለተቋረጠ ስልክ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት እሱ ነው።

የራሴን ጽሑፍ ከፈትኩ። በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን ዓይኔ እንዲያየው ፈለግሁ። «ጥያቄ መዝጊያ፦ ባለቤቱ ከብቱ ደህና መሆኑን ሲናገር በዚህ መሣሪያ ጥያቄውን ዝጋ።» ሌላ ምንም የለበትም። መቼ መዝጋት እንደሌለበት አልጻፍኩም። መሣሪያው ከጥያቄው ጋር ስልኩንም እንደሚቆርጥ አልጻፍኩም። ሰው ደህና ነኝ የሚለው መጀመሪያ ለሰላምታው መሆኑን፣ ነገሩ ከሰላምታው በኋላ እንደሚመጣ አልጻፍኩም። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተጻፈለትን ነው ያደረገው፣ በየቀኑ፣ ሳይታክት። ገመቹ የሆነ ነገር ይናገር ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

ያን ማታ ያደርኩት ገመቹ ቤት ነው። ሚስቱ ገንፎ ሠርታ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠች፣ ብይ ብይ አለችኝ። አንድ ጊዜ ጎርሼ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

ሐሙስ

ኦቦ ቶለራ ቤት ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ለእኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በገመቹ ቦቲ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። እሱ እየሳቀ ሳይሆን እያዘነ ያነሳኛል። በመንገዱ ሁሉ ገበሬዎች ያርሳሉ። ማክሰኞ በመስኮት ሳያቸው የነበረውን ደስታ አስታወስኩና ዓይኔን መንገዱ ላይ ብቻ አደረግሁ።

ለመናገር ወስኜ ነበር። ገመቹ ባትናገሪ ይሻላል ብሎኛል፤ «ምን ይጠቅማቸዋል?» አለ። እኔ ግን የሰው በሬ ገድዬ ቤቱ ገብቼ ቁርሱን በልቼ መውጣት አልችልም አልኩት።

ኦቦ ቶለራ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ካፖርት የለበሱ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ተቀበሉን። «አካም ጅርቱ ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ አዲስ አበባ ሰላም ነው፣ እናት አባት ደህና ናቸው?» እኔም መለስኩ፣ ጠየቅሁ። «ደህና ነን፣ ገለተ ዋቃ» አሉ። «ከብቶቹስ?» አልኩ፤ ማሽኑ የሚጠይቀውን ሆን ብዬ ነው የጠየቅሁት። «ደህና ናቸው» አሉ፣ ሳያቅማሙ። ከኋላቸው ግቢው ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ብቻውን ታስሯል። ቀንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ዝናብ ያራሰው።

ባለቤታቸው አዴ ብዙነሽ ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረቡልን። በልቼ የማላውቀው ነገር ነው። ብርዱ ያደከመኝ መስሏቸው የራሳቸውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝና ወደ እሳቱ አስጠጉኝ። እስክንጠግብ ድረስ ስለ ምንም ነገር አልተነሳም። ከዚያ ኦቦ ቶለራ ራሳቸው ጀመሩ።

ዳለቻን ከጥጃነቱ ነው ያሳደጉት። ሲታመም ወደ ከተማ ይዘውት ሊሄዱ ነበር፤ ቀበሌው ግን «እንዳትንገላቱ፣ ደውሉ፣ ባለሙያው ቤታችሁ ይመጣል» ብሎ አስተምሯቸዋል። ደወሉ። በማግሥቱ ማሽኑ ደውሎ ጠየቃቸው፤ ስለዚህ ሰምተዋል፣ እየመጡ ነው ብለው ተቀመጡ። «ባለሙያው መጥቶ እንዳያጣኝ ብዬ ከቤት አልወጣሁም» አሉ። «ገበያ እንኳን አልሄድኩም። ሁለተኛ ደወልኩ። አሁንም ጠዋት ደውለው ሰላም አሉኝ። ኔትወርኩ እየቆረጠብን ነው እንጂ ጥሩ ሰዎች ናቸው አልኳት ለእሷ። በአራተኛው ቀን ሞተ።»

«ቀዩስ?» አልኩ።

«አንድ በሬ ምን ያርሳል ልጄ። ጎረቤቱም ሁሉ የየራሱን ዘር ይዟል። ዘሩ ካለፈ አለፈ ነው።»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። በአማርኛ፣ ቀስ ብዬ፤ ያልገባቸውን ገመቹ በኦሮምኛ እየደገመ። ማሽኑ መቼ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረውን የምጽፈው እኔ ነኝ አልኩ። አንድ መስመር አጉድያለሁ። እርስዎ ሰላምታውን ሲመልሱ ማሽኑ በሬው ዳነ ብሎ ዘጋው። ባለሙያው አንድም ቀን አልተነገረውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኦቦ ቶለራ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ሲጠይቀኝ ምን አልኩት?» አሉ።

«ደህና ናቸው ብለዋል። ለሰላምታው ነው።»

«ከብቶቹ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ደህና ናቸው አልኩ?»

«አዎ፣ ግን…»

«እንግዲያ እኔ ነኝ» አሉ። «የጠየቀ ምን ያድርግ? ደህና ነው አልኩት፣ አመነኝ። በሬዬን በገዛ አፌ ነው የገደልኩት።»

አይደለም አልኩ። ገመቹም አይደለም አለ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ስለ መግለጫው፣ ስለ መሣሪያው እንደገና ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር እንደ ልጅ የማባብላቸው መስሎ ተሰማቸው። አዴ ብዙነሽ ተቆጡ፤ «ታዲያ ሰው ገና እንደምን አደርክ ሲል በሬዬ ሊሞት ነው ይባላል? የጠየቀው ሰው አይደነግጥም?» አሉ። ባላቸው አልሰሟቸውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሬያቸውን የወሰደባቸው በሽታና ኔትወርክ ነበር። እኔ ጥፋቴን ልናዘዝ መጥቼ ጥፋቱን አሸክሜያቸው ልሄድ ነው። የፈለግሁት እንዲቆጡኝ ነበር፤ ቢሰድቡኝ፣ ከቤት ቢያስወጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ወደፊት ሲደውል ምን ልበል?» አሉ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። «ችግሩን ቀድመው ይናገሩ። ሰላምታውን ይተዉት።»

«ሰላምታ ሳልመልስ?»

«አዎ።»

«ባለጌ አይለኝም?»

«ማሽን ነው ኦቦ ቶለራ። አያውቅም።»

አሰቡበት። «ድምፁ'ኮ የሰው ነው። ሰው ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?» አሉ። እኔም ብሆን በስልክ ብቻ አልለየውም።

ስንነሳ አዴ ብዙነሽ አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። አልወስድም ስል ኦቦ ቶለራ «ምን በድለንሽ ነው?» አሉኝ። ወሰድኩ።

ዓርብ

ከሸነን በጠዋቱ መኪና ወጥቼ እስከ ጉደር ምንም አላየሁም። ጭቃ ውስጥ ገብተን እንደሆነ እንኳን አላስታውስም። የገመቹን ቦቲ እግሬ ላይ አድርጌ መምጣቴን ያወቅሁት አምቦ ስገባ ነው። ወይዘሮ አስቴር ፊቴን አይተው አልጠየቁኝም። ቀኑ የጾም ስለነበር ሽሮ አቀረቡልኝና ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ አስጠጉልኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ መግለጫውን እንደገና ጻፍኩት።

«ጥያቄ መዝጊያ፦ ይህ መሣሪያ ጥያቄውን ለዘለቄታው ይዘጋል፣ ስልኩንም ያቋርጣል፤ ባለሙያው አይላክም። ባለቤቱ በንግግሩ መጀመሪያ ደህና ነን ወይም ከብቶቹ ደህና ናቸው ቢል ሰላምታ ነው፤ በዚህ አትዝጋ። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ ስለታመመው ከብት ለይተህ ጠይቅ፤ ይበላል ወይ፣ ይቆማል ወይ። ከብቱ መዳኑን ባለቤቱ በግልጽ ከተናገረና ሌላ የሚለው እንደሌለ ከጠየቅኸው በኋላ ብቻ ዝጋ። ከተጠራጠርክ አትዝጋ፤ ለባለሙያው አስተላልፍ።»

ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ይህንን ያኔ በመጋቢት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዳለቻ ዛሬ ያርስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህንን ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልኩም። ሽሮው ሲቀዘቅዝ ወይዘሮ አስቴር አንሥተው አሙቀው መለሱት፣ ሁለት ጊዜ።

ለኃላፊዬ ለመስፍን ደወልኩ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሲሰማ እውነትም ደነገጠ። ከዚያ ግን «ስድስት መስመር በዛ ራሔል» አለ። «አንዱን መግለጫ ስናስረዝም ሌላው ቦታ ይበላሻል፣ አይተናል። ሙከራ ይፈልጋል። ከክረምቱ በኋላ እናስገባዋለን።»

«ዘሩ እኮ አሁን ነው። ከብት እየሞተ ነው።»

«ገባኝ። ለጊዜው ገበሬዎቹን እናስተምር። በራሪ ወረቀት አዘጋጂ፤ ሲደወልላችሁ ሰላምታ አያስፈልግም፣ ቀጥታ ችግራችሁን ተናገሩ የሚል። አጭር ይሁን፤ አንቺ አጭር ትችያለሽ።»

ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ ላይ ቀረሁ። ዝናቡ አላቆመም። ማሽኑን በአንድ አንቀጽ ማስተካከል ይቻል ነበር፤ የአንድ አገር ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንዲተው ማስተማር ቀለለን።

ቅዳሜ

ወይዘሮ አስቴር መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣዬን ረዳቱ ሲቀበል ከመቀመጫዬ ሥር እንዲያስገባው ቆመው አስገደዱት። ሹራባቸውን ልመልስ ስል «ሌላ ቀን ስትመጪ» አሉ። አዲስ አበባ ከሰዓት በፊት ገባሁ። ሰፈሬ ስደርስ የጥበቃው ሰውዬ «ጉዞ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ ካልኩት በኋላ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በራሪ ወረቀቱን ሰኞ ጻፍኩት። አራት መስመር ሆነ። ሁሉም ወደዱት። ስድስት መስመሩ ይህንን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ተራ እየጠበቀ ነው። ማሽኑም ጠዋት ጠዋት ይደውላል፤ ሸነን ዛሬም አረንጓዴ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የገመቹን ቦቲ በአውቶቡስ ላክሁለት። መድረሱን ሊነግረኝ ሲደውል ስለ ኦቦ ቶለራ ጠየቅሁት። መሬታቸውን ለዘንድሮ ለሌላ ሰው በእኩል እንዲያርስ ሰጥተዋል አለኝ፤ ዘሩ አልፏቸዋል። ቀዩ በሬም መሳል ጀምሯል፤ ሄዶ አይቶታል፣ ተስፋ አላደረገበትም። ቁጥራቸውን ሰጠኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ መለስኩት። በማግሥቱ ጠዋት ደወልኩ።

«ሄሎ ኦቦ ቶለራ፣ እንደምን አደሩ? ከብቶቹስ እንዴት ናቸው?»

መልስ የለም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብና ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የጠፉ መስሎኝ ሄሎ ልል ስል ተናገሩ፤ ድምፃቸው ጥንቃቄ የተሞላ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ ንገሪኝ። ማሽኑ ነሽ ወይስ ያቺ ቤታችን የመጣችው ልጅ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ኦቦ ቶለራ። ራሔል ነኝ። ቆጮ ያበላችሁኝ።»

«እ… አንቺ ነሽ» አሉ፣ እፎይ ብለው። «እንግዲያ ደህና ነን ልጄ፣ ገለተ ዋቃ። ከብቶቹም ደህና ናቸው።»